ሳሎኑ ተይዟል

ጥቅምት 8

ለፌንጣ፣

እንደምን ከርመሻል? እጅሽስ? ባለፈው በካውያ የተቃጠለው ቦታ ጠገገልሽ ወይ? እኔ ደህና ነኝ። ጠዋት ጠዋት ጉልበቴን ቆርጠም ያደርገኛል እንጂ ሌላ የማወራልሽ ሕመም የለኝም።

አዎ፣ እውነት ነው። ጋሼ የነገረሽ በሙሉ እውነት ነው። ወንድማችን መቼም ውሸት አያውቅበትም፤ የሚያውቅበት ማጋነን ነው። ሳሎኑን ለትሎቹ ሰጥቻለሁ። ቡፌውን እየገፋሁ ወደ እማዬ ክፍል አስገባሁትና በቦታው መደርደሪያ አቆምኩ። ጎረቤቴ ዳቦ ጋጋሪዋ የጣለቻቸው አሮጌ ትሪዎች ተደርድረውበታል። በያንዳንዱ ትሪ ላይ ጋዜጣ፣ በጋዜጣው ላይ የጉሎ ቅጠል፣ በቅጠሉ ላይ እነሱ።

አያስጠሉም። አሁን ገና ከክብሪት እንጨት አይበልጡም። ነጭ ናቸው፤ ዱቄት የተነሰነሰባቸው ይመስላሉ። ጋጋሪዋ መጀመሪያ ያየቻቸው ቀን ጎንበስ ብላ አየቻቸውና፣ እኔ ዱቄት የሰጠኋቸው ነገር የለም፣ ከየት አመጡት አለች። አሁን በአጥር በኩል ባለፈች ቁጥር «ተከራዮችሽ በሉ ወይ?» ነው የምትለኝ።

ከሜዳም ለቅሜ አላመጣኋቸውም። እንቁላላቸውን በጨርቅ ቋጥሮ የሰጠኝ ሸማኔው ነው፤ ሐሩን የሚገዛኝም እሱ ነው። ትሏ በልታ በልታ ስትጠግብ በራሷ ላይ ድር ትጠመጥምና ጎጆ ትሠራለች፤ ከዚያ የእሳት እራት ሆና ትወጣለች። ሌላው ዓይነት ሐር ትሏ ውስጡ እንዳለች በፈላ ውሃ ተቀቅላ ነው የሚገኘው አሉ። የነዚህ ጎጆ ግን በአንድ ጫፉ ክፍት ነው። ባለቤቷ ወጥታ ትሄዳለች፤ እኔ ባዶውን ጎጆ እንደ ጥጥ አፍታትቼ እፈትለዋለሁ። ማንም አይሞትም። ይሄን ለጋሼ ስነግረው «ታዲያ ማን ይሙት፣ እኔ?» አለኝ።

የሚፈልገውን ታውቂያለሽ። ቤቱ የሦስታችን ነው፤ እማዬ ካረፈች ወዲህ ግን የምኖርበት እኔ ብቻ ነኝ። ሳሎኑ መንገድ ዳር ስለሆነ ለፋርማሲ ይከራያል፤ ባለፋርማሲው ተገኝቷል። እኔ ጋሼ ቤት እገባለሁ። ልጆቹን እየጠበቅኩ፣ ሚስቱን ወጥ ቤት እያገዝኩ «አርፋለሁ»። አንቺና እሱ ከተስማማችሁ የኔ ብቻዬን መጮህ ምንም አያመጣም። ይሄን የማላውቅ ይመስል አትጻፊልኝ።

ለምን ትል ታረቢያለሽ ላልሽው ደግሞ፣ እማዬን ስንት ዓመት እንዳስታመምኩ አንቺም አይተሻል። አልጸጸትም። ካረፈች በኋላ ግን ያገኘኝ ሁሉ አሁን ደግሞ ማንን ልታስታምሚ ነው እያለ ይጠይቀኝ ጀመር፤ እጄ ለዚያ ብቻ የተሠራ ይመስል። እነዚህ አይታመሙም ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም በትንሹ ነገር ይታመማሉ። ግን ያድጋሉ። ማታ ያየሁት ጠዋት ጨምሮ ይጠብቀኛል። በዕድሜዬ አንድ ጊዜ እንኳ የሚያድግ ነገር ልጠብቅ ብዬ ነው።

ስልክ የማላነሳው ተኮራርፌ አይደለም። ስልክ ላይ አፌ ይያያዛል። እዚህ ወረቀት ላይ ግን ማንም አያቋርጠኝም።

ጠል ያለበት ቅጠል ሆዳቸውን ስለሚያበላሽ ፀሐይ እስክትጠነክር ነበር የምጽፍልሽ። አሁን ጠነከረች። ልወጣ ነው።

እህትሽ

*

ጥቅምት 19

ለእትዬ፣

በአውቶቡሱ ረዳት የላክሽው ብጣሽ ወረቀት ደርሶኛል። ሰላምታ የለው፣ ስንብት የለው፤ አንድ ጥያቄ ጽፈሽ አጥፈሽ መላክ ምን የሚሉት ነገር ነው? የዘለልሽውን ሰላምታ እኔ ልክፈል እንግዲህ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ጋጋሪዋ እንዴት ነች? ያ ሸማኔ አሁንም ሰው ሳያስጨርስ ያወራል ወይ? ተከራዮችሽስ ደህና ናቸው? ስማቸው ካላቸው በየስማቸው ሰላም በይልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ሆቴሉ ሞልቷል፣ አንሶላው እንደ ተራራ ነው፣ እጄም ድኗል።

ሰላምታ እያበዛሁ መልሱን እየሸሸሁ መሆኔ ገብቶሻል።

አዎ። ለጋሼ እሺ ብዬዋለሁ።

የደወለልኝ ሥራ ላይ ሳለሁ ነው። ማጠቢያዎቹ ይጮኻሉ፣ እሱ ይናገራል፣ እኔ እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ እላለሁ። ታውቂኛለሽ፤ እሱ ሲናገር ሌላ ቃል አፌ ላይ አይመጣም። በማሽኑ ጩኸት ግን አላሳብብም። ከዘጋም በኋላ አስቤበታለሁ። ብቻሽን ነሽ፣ እትዬ። ብትወድቂ ማን ያነሳሻል? ብትታመሚ ማን ይሰማሻል? ትል ውሃ አያቀብልም። ጋሼ ቤት ሰው አለ፣ የልጅ ድምፅ አለ። እሱም ክፉ አይደለም። አጠገብሽ ብሆን እሺ አልልም ነበር፤ እዚህ ሆኜ ግን ሌሊት ስለአንቺ ሳስብ አንድ ሰው አጠገብሽ ቢኖር ብዬ ነው የምመኘው። ይቅር በይኝ። ይቅር ባትይኝም ጻፊልኝ።

የእማዬን ካፖርት ልኬልሻለሁ። ለቅሶው ሲያበቃ ይዤው የመጣሁትን። ክንዱን ብል በልቶት ነበር፤ እዚህ ልብስ የሚደርትልን ሰውዬ አስጠገንኩት፣ የቱ ጋ እንደተጠገነ ፈልገሽ አታገኚውም። አጥቤ፣ ተኩሼ፣ ሁለተኛ ብል በአጠገቡ እንዳያልፍ አድርጌ አሽጌዋለሁ። ብርዱ ሳይገባ ይድረስሽ። ሳሎን ውስጥ ከትሎችሽ ጋር ስትቀመጪ ደርቢው።

ፌንጣ

*

ኅዳር 2

ለፌንጣ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ካፖርቱ ደርሶኛል። የጠገነው ሰውዬ እጁ ይባረክ፤ በመስኮት ብርሃን ገልብጬ ፈለግኩት፣ እውነትም አይታይም። ትከሻው አሁንም የእማዬን ትከሻ ይመስላል። ውጪ ገመድ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ነፋስ ይምታው ብዬ ነው። ለምን አልለበስሽውም ብለሽ አትቀየሚኝ። እለብሰዋለሁ።

ከካፖርቱ ጋር በላክሽው ካርድ ላይ ስለ ትሎቹ የጠየቅሽኝን ሌላ ጊዜ እመልስልሻለሁ።

እሺ በማለትሽ አልተቀየምኩም ብዬ ልዋሽሽ አልፈልግም። ተቀይሜያለሁ። እውነቱን በቀጥታ ስለጻፍሽልኝ ግን ከጋሼ ትሻያለሽ፤ እሱ የተስማማችሁበትን የነገረኝ ጨዋታ እያስመሰለ ነው። ብትወድቂ ማን ያነሳሻል ላልሽው፣ ጋሼ ቤት ብወድቅ ሚስቱ ታነሳኛለች፤ ከዚያ ስንቴ እንዳነሳችኝ ላገኘችው ሁሉ ትናገራለች። እዚህ ብወድቅ ጋጋሪዋ ታነሳኛለች፤ ቀኑን ሙሉ ስትስቅብኝ ትውላለች፣ በዚያው ያልቃል። እኔ የምመርጠውን መርጫለሁ።

ጋሼ ሐሙስ ዕለት መጥቶ ነበር። ጓሮ ትሪ ሳጥብ አገኘኝ። ለምን እንደማጥብ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም። ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «በቃ እንግዲህ፣ ራሱ አለቀልሽ» አለኝ። ድምፁ ደግ ነበር። ያናደደኝም ደግነቱ ነው። ከዚያ ሻንጣሽን አዘጋጂ አለኝ። ሻንጣ የለኝም አልኩት። ሻንጣስ አለኝ፤ ለዚህ የሚሆን ግን የለኝም።

ጠዋት ጠዋት አሁንም ቅጠል እቆርጣለሁ። ለማን ነው ብለሽ ለጊዜው አትጠይቂኝ።

ለራስሽ ተጠንቀቂ። በእርጥብ እጅ ካውያ አትያዢ።

እህትሽ

*

ኅዳር 11

ለእትዬ፣

ዛሬ ሰላምታ የለኝም። ካፖርቱን የት ነበር ያስቀመጥሽው?

ጋሼ ደውሎልኝ ነበር። ደስ ብሎታል። ትሎቹ ባንድ ሌሊት ረገፉ፣ ባለፋርማሲውን በሚቀጥለው ወር አስገባዋለሁ፣ እሷም ወደ ልቧ ትመለሳለች አለኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ ቀለል አለኝ። ጠቡ በራሱ የበረደ መሰለኝ። እሺ ጋሼ ብዬ ዘጋሁ።

በማግስቱ አለቃዬ ብርድ ልብስ እንዳሽግ ወደ ዕቃ ክፍል ላከችኝ። እንግዳ ሲቀንስ ትርፉን ብርድ ልብስ በከረጢት እያደረግን ናፍታሊን እንጨምርበታለን። ከዓመት ዓመት የምሠራው ሥራ ነው። ሱፍ ሳይ እጄ ሳይጠይቀኝ ወደ ናፍታሊኑ ቆርቆሮ ይሄዳል። ክዳኑን ስከፍት ሽታው ፊቴን መታኝ፤ እዚያው ቁጭ አልኩ። የዕቃ ክፍሏ ሴትዮ አሞኝ መስሏት ውሃ አመጣችልኝ። ይሄ ነገር ምን ምን ይገድላል ብዬ ጠየቅኳት። እንደ ሞኝ አየችኝና፣ ብልም ትልም ምንም አያስቀርም፣ ለሱ አይደል እንዴ የምናደርገው አለችኝ።

በኪሶቹ ውስጥ አድርጌ ነበር፣ እትዬ። በክንዶቹ ውስጥ፣ በገበሩና በሱፉ መካከል። የእማዬ ነው ብዬ ለሆቴሉ ከማደርገው አብዝቼ። ደግሞ ሳሎን ውስጥ ደርቢው ብዬ ጻፍኩልሽ።

ነፋስ ይምታው ብለሽ የሰቀልሽው ለዚህ ነው አይደል? አውቀሽ ነው ዝም ያልሽኝ። አትሸፋፍኚልኝ። ለጋሼ ዛሬውኑ ልደውልና እሺ ያልኩትን ላነሳ ነው። ሌላ የምክስሽ ነገር የለኝም። እንድደውል ፍቀጂልኝ።

ፌንጣ

*

ኅዳር 19

ለፌንጣ፣

ያለ ሰላምታ ስለጻፍሽ የሁለታችንንም እኔ ልበል። እንደምን ነሽ? እንደምን ነኝ? ሁለታችንም ደህና ነን። አሁን ተቀመጪና አንብቢ።

አትደውዪለት።

ያስቀመጥኩት ወንበር ላይ ነው፤ ሳሎን፣ ከመደርደሪያው ፊት ለፊት። ከጥቅሉ እንዳወጣሁት የእማዬን ሣጥን ሸተተኝ። ደስ አለኝ እንጂ አልጠረጠርኩም። ኪሱን እንኳ አልዳበስኩትም። ወንበሩ ላይ ደርቤው ስመለከተው እንግዳ የመጣብኝ መሰለኝ። ቀኑ ቀዝቃዛ ስለነበረ ለትሎቹ ብዬ መስኮቱን ዘጋሁ።

ትልልቆቹ ሲበሉ ድምፅ አላቸው፤ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ካፊያ ይመስላል። ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሳ መጀመሪያ የምሰማው እሱን ነበር። ያን ቀን አልነበረም። ገብቼ ሳይ አረንጓዴ ውሃ እየተፉ ከቅጠሉ ላይ ወድቀዋል፤ ያልወደቁትም ራሳቸውን ማንሳት አልቻሉም። ያኔ ነው ኪሱን የፈተሽኩት። ከጉሎው ሥር ቀበርኳቸው። ሌላ የምጨምረው የለም።

አንቺ ሱፍ አሸግሽ፣ እኔ መስኮት ዘጋሁ። ሁለታችንም የለመድነውን ሥራ ነው የሠራነው። ጥፋተኛ ከፈለግሽ ግማሹን ውሰጂ፣ ግማሹ የኔ ነው፤ ድርሻዬን አትንኪብኝ።

ለምን አልነገርሽኝም ላልሽው መልሱ ይሄውልሽ። ይሄንን ደብዳቤሽን ስለፈራሁ ነው። እንደምታለቅሺና እሺ ያልኩትን ላንሳልሽ እንደምትዪ አውቄያለሁ። እምቢታሽን በካሳ መልክ አልፈልገውም። እኔ ስላሳዘንኩሽ ዛሬ እምቢ ብትዪ፣ ነገ ጋሼ ሲያሳዝንሽ ደግሞ እሺ ትያለሽ። እሱም ማሳዘን ያውቅበታል። እዚህ ቤት መኖሬ ስሕተት ነው ብለሽ ካሰብሽ በእሺሽ ጽኚ፤ በደብዳቤ እንጣላለን እንጂ እህትነታችን የትም አይሄድም። አይደለም ካልሽ ግን፣ ስለሞቱት ትሎች ሳይሆን ስለኔ ብለሽ እምቢ በዪው። እኔ በበኩሌ እናንተ ብትስማሙም ባትስማሙም አልወጣም። በሩ ላይ እቀመጣለሁ፤ ባለፋርማሲው መደርደሪያውን በላዬ አሻግሮ ያስገባ።

አሁን ቅጠሉን ለማን እንደምቆርጥ ልንገርሽ። ትሎቹ ሁሉም እኩል አያድጉም። ቆዳቸውን ሊቀይሩ ሲሉ መብላት ያቆሙና ራሳቸውን ቀና አድርገው ያሸልባሉ፤ በዚያ ሰዓት ሌላው በላያቸው እየበላ ከረበሻቸው ይበላሻሉ። ስለዚህ ዘገምተኞቹ ተለይተው ለብቻ ይቀመጣሉ። የኔዎቹን አንድ ትሪ ላይ አድርጌ ወጥ ቤት ነበር ያስቀመጥኳቸው። ሸማኔው ጣያቸው፣ ከዘገምተኛ ትል ጥሩ ሐር አይወጣም ብሎኝ ነበር። ደህና እሺ አልኩትና አልጣልኳቸውም።

እነሱ አሉ። ሳሎኑን ከጣሪያው እስከ ወለሉ አጠብኩ፣ መስኮቱን ከፍቼ ሰነበትኩ፣ ሽታው ድራሹ ሲጠፋ መልሼ አስገባኋቸው። አንድ ትሪ ናቸው፤ መደርደሪያው ላይ ሲታዩ ያሳዝናሉ። ግን ትናንት አንዷ ቅጠሏን ትታ ራሷን እያወዛወዘች መዞር ጀመረች። ጎጆዋን የምትሠራበት ቦታ ፍለጋ ነው። ደረቅ ቅጠል አስሬ ሰቀልኩላት፤ አሁን በስስ ድር ውስጥ ሆና ትታየኛለች፣ ስትሠራ።

ለጋሼ አልነገርኩትም። አልጠየቀኝም።

እህትሽ

*

ታኅሣሥ 1

ለእትዬ፣

እንደምን አለሽ? ስላዘገየሁብሽ ይቅርታ። እንዳልሽኝ አልደወልኩለትም። ተቀምጬ አሰብኩ። ማሰብ ለኔ ከባድ ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ በቁሜ ነው የኖርኩት። ዘገምተኞቹ ተርፈዋል ስትዪኝ ሳቅኩ፤ ከዚያ ሳቄ ምን እንዳስመሰለኝ አትጠይቂኝ። መኝታ ክፍል አብረውኝ ያሉት ሴቶች ምን ነካት ተባባሉብኝ።

የፈራሽው ልክ ነበር። መጀመሪያ ላይ ከጥፋቱ ሌላ ምንም አላስብም ነበር። በመጨረሻ ጋሼ ራሱ ደወለ። ባለፋርማሲው ቸኩሏል፣ ቃልሽን አጽኚልኝ አለኝ። እሺ ጋሼ ልል አፌን ስከፍት አንድ ነገር ሳላውቀው ጠየቅኩት።

«እትዬ አንተ ጋ ስትመጣ የት ነው የምትተኛው?»

«ከጓሮ ያለችው ክፍል ነቻ። ያከማቸሁባትን ስሚንቶ አስወጣላታለሁ።»

«መስኮት አላት?»

«ይከፈትላታል፣ ምን ችግር አለው።»

«ቁልፍስ?»

«የምን ቁልፍ?»

«የክፍሏ ነዋ።»

ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው፣ ክፋት የለውም። «ገዛ ወንድሟ ቤት ቁልፍ ምን ያደርግላታል? እኛ ጋ በር ተዘግቶ ያውቃል እንዴ?» አለኝ።

እኔ እዚህ ከሦስት ሴቶች ጋር ነው የምተኛው። የራሴ የምለው አንዲት የቆርቆሮ ቁም ሣጥን ናት። ቁልፏን በክር አንገቴ ላይ አስሬያታለሁ፤ ገላዬን ስታጠብም አላወልቃትም። በውስጧ ምንም የረባ ነገር የለም፤ ያንቺ ደብዳቤዎችና ሁለት ቀሚስ። ግን አንድ ቀን ጠፍታብኝ የሆንኩትን እኔ ነኝ የማውቀው። አንቺ ደግሞ ሙሉ ቤት ቆልፈሽ የምትወጪ ሰው ነሽ። እኔ እሺ ያልኩት ያን ቁልፍ ከእጅሽ አውጥቼ ልሰጥ ነበር። ሰው አጠገብሽ ይኑር ስል ማን ቤት እንደሆነ አላሰብኩም።

«እምቢ፣ ጋሼ» አልኩት።

ምን አልሽ አለኝ። አልስማማም፣ እትዬ ካልወጣሁ ካለች አትወጣም አልኩት። ማን አስተማረሽ አለኝ፤ ማንም አልኩት። ጎርፍ ሲሆን በትከሻው ተሸክሞ ትምህርት ቤት ያደረሰኝን አስታወሰኝ፤ ጫማ ገዝቶልኝ እሱ በተቀደደ ጫማ የሄደውን አስታወሰኝ። ሁሉም እውነት ነው። አዎ ጋሼ፣ አልረሳሁትም፣ አልስማማም እያልኩ መለስኩለት። እንዲህ ቀላል መሆኑን ባውቅ በልጅነቴ እጀምረው ነበር።

ስዘጋ እጄ ካውያውን ረስቶት ኖሮ የሆቴሉን የጠረጴዛ ልብስ አቃጠልኩት። አለቃዬ ጠርታ ስትጮህብኝ ለሷም እምቢ ልላት ምንም አልቀረኝ።

ይሄ ካሳ አይደለም። ለካሳው ሌላ ነገር እልክልሻለሁ፤ ምንም ሽታ የሌለው።

ደግሞ ተዘጋጂ። ጋሼ ነገሩን አልተወውም። ባለፋርማሲውን ይዤ እሄዳለሁ፣ እንግዳ ፊት እሷም ታፍራለች ብሏል።

ፌንጣ

*

ታኅሣሥ 12

ለፌንጣ፣

እጅሽንና የጠረጴዛውን ልብስ እግዜር ይማራቸው። እኔ ደህና ነኝ፣ ጉልበቴም ደህና ነው፣ ቤቱም አለ። አዎ፣ መጣ።

ደብዳቤሽን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርሽም። እኔ ስለ ቁልፉ አስቤ አላውቅም ነበር። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ሚስቱ፣ ስለ ስሚንቶው ሁሉ አስቤ ነበር፤ ቁልፉን ግን አንቺ ነሽ ያየሽልኝ።

የመጡት እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ጋሼ ሙሉ ልብሱን ለብሷል፤ ያቺን ፈዘዝ ያለች ግራጫ። ባለፋርማሲው ቀጭን፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። ጋሼ፣ ቤቱ ባዶ ነው፣ ትንሽ ተባይ ገብቶበት ነው፣ መድኃኒት ረጭቼ አስረክብሃለሁ ብሎ አምጥቶታል። እኔን በር ላይ ሲያገኘኝ ሠራተኛ መስዬው «ባለቤቶቹ አሉ?» አለኝ። አንዷ እኔ ነኝ አልኩት። ጋሼ ጉሮሮውን ጠረገ።

በር ላይ እቀመጣለሁ ብዬሽ ነበር። አልተቀመጥኩም። ወለል አድርጌ ከፈትኩላቸው። ይግቡና ይዩት አልኩ፤ የምደብቀው ነገር የለኝም። እጃችሁን ታጥባችሁ ግቡ ብቻ አልኳቸው። ባለፋርማሲው ሳይጠየቅ ጫማውንም አወለቀ። ጋሼ እንግዳው ታጥቦ እሱ ሳይታጠብ መግባት አልሆንልህ አለውና እየተነጫነጨ ታጠበ።

የእሳት እራቶቹ ከየጎጇቸው የወጡት ለእሑድ አጥቢያ ሌሊቱን ነው፤ ሁሉም ማለት ይቻላል። የእጅ መዳፍ ያካክላሉ፣ ፌንጣዬ። ክንፋቸው ጥቁር ቡናማ ነው፤ በመሃሉ ነጭ መስመር ያልፋል፣ በመስመሩ አጠገብ ጨረቃ የምትመስል ምልክት አለች። አይበሩም፤ ሰው ቤት ስንት ትውልድ ኖረው መብረሩን ትተውታል። አፍም የላቸውም። ከወጡበት ሰዓት ጀምሮ አይበሉም፣ አይጠጡም። መጋረጃው ላይ፣ መደርደሪያው ላይ፣ አንዳንዶቹም ግድግዳው ላይ ተሰቅለው ክንፋቸውን ያደርቃሉ። ወንድና ሴቱ ተገናኝተው ሲለያዩ ሴቶቹን ከጭራሮ ጫፍ በክር አስሬ እሰቅላቸዋለሁ፤ እንቁላላቸውን እዚያው ጭራሮው ላይ ይደረድሩታል። ያን ዕለት ገና ማሰር መጀመሬ ነበር።

ባለፋርማሲው በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ይነክሳሉ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ በምናቸው አልኩት። አንዷን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። ጋሼ እስቲ ይሄ ነገር ይብቃ፣ ሰውዬው ሥራ አለው እያለ በመካከላችን ሲገባ፣ ከራሱ በላይ መጋረጃው ላይ የነበረችው ገና ያኔ የወጣች ናት፤ ሲወጡ በሆዳቸው የተጠራቀመውን ውሃ ይረጫሉ። ረጨችው። ከአንገትጌው እስከ ደረት ኪሱ። እኔ አልሳቅኩም። ጋጋሪዋ ግን በአጥር በኩል አንገቷን አስግጋ ነበርና ሳቋ መንገድ ድረስ ተሰማ።

ጋሼ መሐረቡን እያወጣ፣ አያሳስብህ፣ ይሄን ሁሉ ባንድ ቀን ነው የምናጸዳው አለው። ሰውዬው የያዛትን ቀስ አድርጎ ወደ መጋረጃው መለሳት።

«ባዶ ነው ብለኸኝ ነበር» አለው።

«ባዶ ነው እንጂ። ይሄ ምኑ ነው?»

«ሰው አለበት እኮ።»

ወደኔ ዞሮ ጎንበስ አለ፤ ስላስቸገርኩሽ ይቅርታ አለኝ። ጫማውን አድርጎ ሄደ። ሌላ ቤት ከመንገዱ ማዶ እያየ እንደሆነ ጋጋሪዋ ነግራኛለች።

ጋሼ አልሄደም። ሶፋው ላይ ቁጭ አለ። እርጥብ ጨርቅ ሰጠሁት፤ ልብሱን ጠረገበት። ሸምግሏል፣ ፌንጣ። ስቆጣው ስለከረምኩ አላየሁትም ነበር። ታናሽሽም እምቢ አለችኝ አለ። ሰምቻለሁ አልኩት። እኔ ለናንተ ብዬ ነው አለ። አውቃለሁ ጋሼ አልኩት፤ አውቃለሁም። ሰው ምን ይለኛል፣ እህቱን ከትል ጋር ጥሎ ይሉኛል አለ። ጥለኸኝ ሳይሆን እንደፈቃዴ ትተኸኝ እንደሆነ ንገራቸው አልኩት።

ሥራዬን ቀጠልኩ። አንዷን አስሬ ሌላዋን ሳነሳ ዓይኑ እጄ ላይ ነበር። እንቁላሉን እያየ ከዚህ ሁሉ ስንት ትል ይወጣል አለኝ። ሳሎኑን የሚሞላ አልኩት።

«መቼ ነው የሚያልቀው?» አለ።

«አያልቅም» አልኩት። «ደግሞ ተነሣልኝ፤ ሶፋው ይወጣል። ሌላ መደርደሪያ ላቆምበት ነው።»

ተቀምጦ አየኝ። የምቀልድ መስሎት ነበር። ካፖርቴን አውልቄ፣ አዎ ሽታው ለቅቆት ለብሼው ነበር፣ እጅጌዬን ሰብስቤ አንዱን ጫፍ ያዝኩ። ተነሣ። ጨርቁን ወንበር ላይ ጣለና በሌላኛው ጫፍ ጎንበስ አለ።

«ወዴት?» አለኝ።

«ወደ ውጪ» አልኩት።

እህትሽ